ኮርድዌይነር የሆንበት ክረምት

ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ባለችው የጋሽ ሙሉጌታ ጫማ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ ብሩሽና ማስቲሽ ነበር። ዓመቱ 2018፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት። እናቴ «ጠበቃ ትሆናለች ስል ጫማ ሰፊ ሆነችልኝ!» ብላ ስቃብኛለች። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ቀልድ አያውቁም። «ማስቲሹን ቀቢና ጠፈፍ እስኪል ጠብቂ። እርጥቡን ያጣበቀ ሰው፣ ነገ ጫማው አፉን ከፍቶ ይስቅበታል» አሉኝ።

ታኮ መቀየር፣ ሶል መለጠፍ፣ የቦት ዚፕ መጠገን፤ ሥራችን ይኸው ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ አዲስ አበባ እያሉ ሙሉ ጫማ ይሠሩ ነበር። ቆዳ የሚወጥሩባቸውን የእግር ቅርጽ ያላቸው የእንጨት ፎርማዎች አሜሪካ ድረስ ይዘዋቸው መጥተዋል፤ ከላይኛው መደርደሪያ ግን ወርደው አያውቁም።

በረዶው ሲጀምር የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሰው የረሳው አሮጌ ቃል ፈልጋችሁ አምጡ አለችን። እኔ የሥራዬን ስም ስፈልግ «ኮርድዌይነር»ን አገኘሁ። ደስታዬ! ከባስ ወርጄ ሱቅ ድረስ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ኮርዶባ የምትባል የስፔን ከተማ አለች። ቆዳዋ ድሮ ዝነኛ ነበር። ፈረንሳዮች ቆዳውን በከተማዋ ስም ጠሩት፤ እንግሊዞች ስሙን ከእነሱ ወሰዱና በዚያ ቆዳ ጫማ የሚሠራውን ሰው ኮርድዌይነር አሉት።»

«እኛ አገር ቆዳ ለነካ ሰው ስም የሚወጣለት ለስድብ ነበር» አሉ፣ ወስፌያቸውን ሳያስቀምጡ። «እነሱ አክብረውታላ! ታዲያ እኔም ኮርድዌይነር ነኝ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «አይ... እሱ እንኳ ከአዲስ ቆዳ አዲስ ጫማ የሚሠራው ነው። አሮጌ የሚጠግነው ኮብለር ነው የሚባለው።»

ወስፌው ቆመ። እስክንዘጋ ድረስ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ታኮ መቱ።

ቅዳሜ እትዬ አልማዝ መጡ፤ ዉድበሪ ከተማ አረጋውያን የሚንከባከቡ ደንበኛችን ናቸው። ቀኝ እግራቸው ከግራው ስለሚያንስ፣ አንድ ዓይነት ጫማ በሁለት ቁጥር ገዝተው ከየጥንዱ አንድ አንድ ያደርጋሉ።

«ጉዴን ስሙልኝ! ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። አንዱ ደግ ሰው የሁለት ሰው ጫማ የተደባለቀ መስሎት፣ ግራውን እዚህ ትቶ ቀኙን ወዲያ ማዶ! ግራውን ታቅፌ በካልሲ ድራይቭ አደረግሁ!»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የልጅ ልጄ ክርስትና ደርሷል። አንድ ቀን እንኳ እኩል የሆነ ጫማ በሰው ፊት ባወልቅ።»

«አልማዝዬ፣ እኛ እኮ የምንጠግን...» ብለው ጋሽ ሙሉጌታ አቆሙ። ወደ ላይኛው መደርደሪያ፣ ወደ ፎርማዎቹ አዩ። «ሜሮን፣ መሰላሉን አምጪ።»

የእትዬ አልማዝን ሁለቱንም እግር ወረቀት ላይ ነደፉ። ዘዴው ከውጭ እኩል፣ ከውስጥ ግን እንደየእግሩ ነበር፤ በቀኙ ገበር ሥር ስስ ቆዳ እየደራረቡ መሙላት። የመጀመሪያው ቆዳ ፎርማው ላይ ሲወጠር ተቀደደ።

«እጄ ረስቷል» አሉ።

«አይቸኩሉ ጋሼ። ጫማው ይስቅብናል።»

ገላመጡኝና ሌላ ቆዳ ቆረጡ።

የክርስትናው ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰውዬ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማ ያስተካክላል። እትዬ አልማዝ ጫማ ጋ ደረሰና ጎንበስ አለ። ግራውን ከቀኙ አስጠጋና አለፈ። ጥንድ ናቸው ብሎ!

ጋሽ ሙሉጌታ ከኋላዬ በካልሲ ቆመው ኖሯል። «ኮብለር ያለችኝ ልጅ የት አለች?»

«አቤት፣ ኮርድዌይነር!»

ከእኔ በኋላ እዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ሁለቱንም እግር ለኩ። አንዱን ለክታችሁ ሌላውን አትገምቱ።