ጭብጨባው ይቅርብኝ

ለቅሶ ልደርስ ሄጄ አጨበጨቡልኝ። በዕድሜዬ ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

የሞተችው ጓደኛዬ ናት። ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ዌስተን በሚባለው ሰፈር ባለው ሕንፃችን ውስጥ ከእኔ ዝቅ ብሎ ያለው ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ቤት ልጅ ስታሳድግ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የተዋወቅነው ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ለሐኪምና ለአውቶቡስ የሚበቃ እንጂ ለጨዋታ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ውል ገባን፤ ማሽኑ ሲያጥብ በእሷ ቋንቋ፣ በታጋሎግ፣ እናወራለን፤ ማድረቂያው ሲዞር በአማርኛ። ትንሽ እንደቆየን ተቆጣች።

«ማድረቂያው ይረዝማል። አማርኛው በዛ። ይሄ ፍትሕ አይደለም።»

እውነቷን ነው። ፍትሕ ያለ ሰው ደግሞ እኔ ዘንድ ይከበራል። ከዚያ ወዲህ የማሽኑንና የማድረቂያውን ቋንቋ በየሳምንቱ እየቀያየርን አወራን።

እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። እሷ ግን እንደ የኔታ ነበረች፤ አለንጋ ብቻ ነው የቀራት። አንዲት ስህተት አታሳልፍም።

«ድገሚው» ትለኛለች።

«ደገምኩት እኮ!»

«የደገምሽው ስህተቱን ነው።»

አንዳንድ ቀን ተናድጄ እርጥብ ልብሴን በዘንቢል ይዤ እወጣለሁ። እሷ ከኋላዬ «አቴ! አቴ!» እያለች ትስቃለች። አቴ ማለት በእነሱ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኔ ስለምበልጣት እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ። አንድም ቀን ጎበዝ ብላኝ አታውቅም። በዚህም ምክንያት ቋንቋውን ለመድኩ።

ሌሎቹ ፊሊፒናውያን ጎረቤቶቻችን ግን ሌላ ነበሩ። ሊፍት ውስጥ በቋንቋቸው ደህና አደራችሁ ስላቸው ይጮኻሉ። አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። «ማጋሊንግ! ማጋሊንግ!» ይሉኛል፤ ጎበዝ ማለታቸው ነው። ቀጥለው «ባልሽ የእኛ ሰው ነው? የእኛ ሰው ቤት ሠርተሻል?» ብለው በእንግሊዝኛ ይጠይቁኛል። ሰላምታዬን የሚመልስ ግን የለም። ከልባቸው ደስ ብሏቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክፋት የላቸውም። ነገር ግን በቀቀንም ሲናገር ሰው ደስ ይለዋል። ለበቀቀን ደህና አደርሽ ወይ ብሎ የሚመልስለት የለም።

የእኛም ሰው ያው ነው፤ ላዳላ አልፈልግም። ቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ነጭ ምራት ትመጣለች። ገና «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል ሴቱ ሁሉ እልል ይላል፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ያዋራታል። እኔ እልል አልልም። «ልጅሽ ጉንፋኑ ተሻለው?» ብዬ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፤ ሲቸግራት ቆሜ እጠብቃታለሁ። «አንቺ ደግሞ ልጅቷን አታስጨንቂያት» ይሉኛል። ተዉኝ፣ እያዋራኋት ነው!

ባለፈው የበረዶ ወራት አዳልጦኝ ወድቄ ዳሌዬ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስወጣ የምትረዳኝ ሠራተኛ ገና አልተመደበችልኝም፤ ልጄ ደግሞ ሥራዋን ጥላ ልትቀመጥ አትችልም። ጓደኛዬ ሳፋና ፎጣ ይዛ መጣች። ልጄ እንኳ ያላየችውን ገላዬን አጠበችኝ። እግሬን ስታነሳው አምሞኝ በእሷው ቋንቋ ጮህኩ። ሳሙናውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና «እንደሱ አይባልም፤ ድገሚው» አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። በየቀኑ መጣች፤ ራሴ ቆሜ መታጠብ እስክችል ድረስ። ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ እሷ በድንገት ሞተች። ልቧ ነው አሉ።

እነሱ ከቀብር በኋላ ዘጠኝ ቀን ይጸልያሉ። በመጨረሻው ቀን ምግብ ይቀርባል፤ ስለ ሟች መናገር የፈለገ ይናገራል። እኔም ልናገር ወሰንኩ። በእኛ ወግ ሟች ያደረገችው ደግ ነገር ለቅሶዋ ላይ ካልተነሳ መቼም አይነሳም። ልጆቿ እዚህ ያደጉ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ይበቃቸዋል። ታላቅ እህቷ ግን ከአገራቸው ለለቅሶ የመጣች፣ ፊቷ የጠቆረ፣ ከታጋሎግ በቀር የማትሰማ አሮጊት ናት። እህቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች መስማት ያለባት እሷ ናት። ከእኔ አፍ፣ በራሷ ቋንቋ።

ጥቁር ለብሼ፣ ከዘራዬን ይዤ ገባሁ። በር ላይ ለቆሙት ጓደኛዬ እንዳስተማረችኝ፣ በአክብሮት ቃል፣ እግዜር ያጽናችሁ የሚሉትን አልኳቸው። አንዷ ወጣት «ኡይ! ሎላ ታጋሎግ ትናገራለች!» ብላ ጮኸች። ሎላ አያት ማለት ነው። አጨበጨቡ። ሌላዋ ስልኳን ደቀነችብኝ።

«ሎላ፣ እስቲ አንዴ ድገሚልን!»

አልደገምኩም። ተቀመጥኩ።

የጓደኛዬ የልጅ ልጅ እጮኛ ነጭ ነው። ሩዝ ሲሰጡት «ሳላማት» አለ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። አንዲት ቃል! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሥጋ ጨመሩለት፤ አንደኛዋ ጉንጩን ሳመችው። የልጁ ጆሮ ቀላ፤ በእሱ ቂም የለኝም። ግን እሱ በአንዲት ቃል ወንድማቸው ሲሆን፣ እኔን ያችው ጉንጩን የሳመችው ሴት ዞራ በእንግሊዝኛ «የማን ቤት ነበር የምትሠሪው?» አለችኝ። ላለቅስ እንጂ ልጣላ አልመጣሁም ብዬ ራሴን ያዝኩ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ተነሳሁ። ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስጀምር ሳቅ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ያን ጊዜ ከዘራዬን ወለሉ ላይ መታሁ።

«አታጨብጭቡ!» አልኩ፣ በቋንቋቸው። «ሰው ሞቶብናል። ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ካልተሳሳትኩ ስሙኝ።»

የጓደኛዬ ወንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና «እማማ፣ አይቸገሩ፣ በእንግሊዝኛ ይንገሩን» አለኝ።

«እንግሊዝኛው ላንተ ነው የሚቀለው» አልኩት። «እኔ የምናገረው ለአክስትህ ነው።»

ቀጠልኩ። ስለ መውደቄ፣ ስለ ሳፋው፣ ስለ ፎጣው ነገርኳት። መሃል ላይ ከሶፋው ጥግ አንድ ሻካራ ድምፅ አቋረጠኝ።

«እንደሱ አይባልም።»

እህቷ ናት። ትክክለኛውን ነገረችኝ። ደገምኩት።

«አሁንም አልሆነም። ድገሚው።»

ያው ቃል፣ ያው ቁጣ። ደገምኩት። ራሷን ነቀነቀችና በእጇ ቀጥዪ አለችኝ። እስክጨርስ ስንቴ እንዳቋረጠችኝ አላውቅም። አንድም ሰው አልሳቀም። እህቷ ገላዬን እንዳጠበችኝ ስነግራት ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች። የጓደኛዬ ሴት ልጅ ግን ዐይኗ እንባ ሞልቶ «አናውቅም ነበር» አለች።

ከዚያ አሮጊቷ መለሰችልኝ። ፈጥና፣ ለልጅ እንደሚያወሩት ሳታለዝብ፣ ብዙ ተናገረች። ግማሹ አመለጠኝ። የእህቷ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት አሮጊቷ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት። ወደ እኔ ዞራ ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገመችልኝ። ከዚያ ሶፋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

አሮጊቷ ወደ አገሯ እስክትመለስ ድረስ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ፣ እህቷ ቤት ናት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ትወርዳለች፤ ውሉንም ነግሬያታለሁ። ማሽኑ ሲያጥብ አፏ ያርመኛል፤ ዕረፍት የለውም። ማድረቂያው ሲጀምር ግን አማርኛ አልፈልግም፣ አርጅቻለሁ ትላለች።

«ይሄ ፍትሕ አይደለም» አልኳት፣ በቋንቋዋ።

«ፍትሕ የሚለውን ቃል አበላሽተሽዋል፤ ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩትና ቃሉን በአማርኛ ነገርኳት። እስክትለው ድረስ ማድረቂያውን አላበራሁም። ልብሷ እርጥቡን ተቀመጠ። ከዚያ እያጉረመረመች አለችው፤ ተሳስታ ነበር፤ አረምኳት።