ዱኻኑ የገለጠው በሽታ

ክፍሉን ከማየቴ በፊት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። በአንዲት ከፍ ያለች ቀዳዳ ብቻ የሚተነፍስ፣ የላብና የበረኪና ሽታ የታመቀበት ቤት ነበር። እስረኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ወታደሩ ከኋላ ገፋ አደረገኝና «የላ፣ ያ ሐበሺ፣ ቦታ ፈልግ» አለኝ።

ጥፋቴ የሱቅ በር መዝጋት ነው። ካርቱም መሃል ገበያ፣ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ የስልክ ቻርጀር እሸጥ ነበር። በመንግሥት ላይ ሰልፍ የወጣ ዕለት ወጣቶች ከአስለቃሽ ጭስ ሸሽተው ሱቄ ገቡ፤ የብረት መዝጊያውን አወረድኩላቸው። መርማሪው ሲጠይቀኝ አልካድኩም። ልጆቼን ውሸት ሰውን ያዋርዳል እያልኩ አሳድጌ፣ እዚያ ስደርስ ሌላ ሰው ልሆን አልችልም።

አጠገቤ የተቀመጠው ሱዳናዊ መነጽሩ በፕላስተር ተጠግኗል። የነርቭ ሐኪም ነው፤ የታሰረው በሰልፉ የቆሰሉትን በማከሙ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲብስ ለራሴ ያህል በዐረብኛ «ልጄ እዚህ ብትሆን ዓይኗ ይጠፋ ነበር» አልኩ።

ቀና አለ። «ምን አልክ፣ ያ ዐም?» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

ነገርኩት። የመጀመሪያ ልጄን ልድር ሽር ጉድ ላይ ነበርን። በካርቱም ወግ ሙሽራ ዱኻን ትቀመጣለች፤ እንጨት የሚጨስበት ጉድጓድ ላይ በብርድ ልብስ ተሸፍና ላቧ እስኪንቆረቆር ትታጠናለች። የእኛ ሴቶችም ወይባ ጢስ ስለሚያውቁ ወጉን ወደውታል። ልጄ ግን ከጢሱ በተነሳች ቁጥር አንድ ዓይኗ ይደበዝዛል፣ እግሯ ይከዳታል፤ ቀዝቀዝ ሲላት ይመለስላታል። ሴቶቹ «ጢሱ ዛሩን እያስጨነቀው ነው» ብለው ጢሱን አበዙባት። ዓርብ ዛር ወደምታስወጣ ሴት ሊወስዷትና ለወራት እዚያው ሊያስቀምጧት ቆርጠዋል። እኔ በዛር አላምንም። በእሱ ፋንታ የማቀርበው ነገር ስላልነበረኝ ግን ክርክሩን ተረታሁ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ተጠጋ። «ከዱኻኑ በፊትስ ዓይኗን አሟት ያውቃል?»

«አምና። ስታንቀሳቅሰው ያማት፣ ይጋርዳት ነበር። ከሳምንታት በኋላ በራሱ ተሻላት።»

«አንገቷን ወደ ደረቷ ስታጎነብስ ጀርባዋን የሚነዝራት ነገር አለ?»

«ኤሌክትሪክ ያዘኝ ትላለች! ቀልድ መስሎን ነበር።»

ጭኑን በእጁ መታ። «ያ ሰላም!»

ክፍሉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አንድ የሚኒባስ ረዳት «ምንድነው፣ ልትፈቱ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ዝም በል፣ በሽታ አገኘን!» አለው ሐኪሙ።

«መብሩክ! እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለ ረዳቱ። ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ሰማሁ።

መልቲፕል ስክሌሮሲስ ይባላል አለኝ። የሰውነት መከላከያ በገዛ ራሱ ላይ ተነስቶ የነርቮችን ልባስ ይልጣል። የተላጠ ነርቭ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። «ዱኻኑ በሽታውን አላመጣውም፣ ገለጠው እንጂ።» ከሚያስተምራቸው የሕክምና ተማሪዎች ጋር ያጠና የነበረው እንዲህ ያሉ ሕሙማን ለምን ወደ እሱ ዘግይተው እንደሚመጡ ነበር። ድምፁ እየጨመረ ሄደ። «መጻሕፍቱ በሙቅ አገር ብርቅ ነው ይላሉ። ብርቁ በሽታው አይደለም፣ መመርመሪያው ነው!»

«መድኃኒትስ አለው?»

«ጨርሶ የሚያድን እስካሁን የለም። ጥቃቱን የሚገታ ግን አለ፤ አዳዲስም ይወጣል። ለካንሰር የተሠራ አንድ መድኃኒት እንኳ ለዚህ እየዋለ ነው። ቶሎ ከጀመረች ትሠራለች፣ ትወልዳለች። የተጎዳው ሁሉ ስለማይመለስ ግን ወራት ማባከን የለም። እኔም ብሆን እርግጠኛ የምሆነው ኤምአርአይ ስትነሣ ነው፤ የሚመስሉት በሽታዎች አሉ።»

ለልጁ በሽታ ስም ተገኘ ብሎ የሚደሰት አባት አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሰው የማያውቀውን ነገር ያሻውን ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ ለስሙ ይገዛል። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

በማግስቱ ዋስ እንድንጠራ ለእያንዳንዳችን የአንድ ደቂቃ ስልክ ተፈቀደልን። ባለቤቴ አነሳች።

«የት ነህ? ዋስ የሚሆን ሰው አግኝተናል፣ መታወቂያው ግን...»

«ዋሱን ተዪው። ዱኻኑን አቁሙ። ልጅቷ ዓርብ የትም አትሄድም።»

«አንተ ሰው፣ ታስረህም ታዛለህ?»

«አዛለሁ! በሽታ ነው፤ ሐኪም አግኝቻለሁ።»

«እስር ቤት ውስጥ?»

«እስር ቤት ውስጥ። የጭንቅላት ኤምአርአይ ያስፈልጋታል። ድገሚልኝ!»

«ኤም... አር...» ስትል ወታደሩ ስልኩን ነጠቀኝ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። የት ሆስፒታል እንደሚሄዱ አልነገርኳትም። ወረፋው ደግሞ የወራት ነው።

ቀጣዩ ተራ የሐኪሙ ነበር። ኤምአርአይ ለሚያነሣ ባልደረባው ደወለ። «እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ። ስማኝ፣ አንዲት ሐበሻ ሙሽራ አለች፤ ጭንቅላቷንና ህብለ ሰረሰሯን አንሣልኝ። ከዓርብ በፊት! ቤተሰቧን አንተው ጥራቸው።» ወደ እኔ ዞሮ «ቁጥራቸውን!» አለ። እየጮህኩ ነገርኩት፤ እየተቀበለ ደገመው።

ወታደሩ ግራ ገባው። «አንተስ ዋስ አትጠራም?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለው።

የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ከበሩ ላይ መነጽሩን አስተካክሎ «ያ ዐም፣ ውጤቱን ትነግረኛለህ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ።

ስፈታ ልጄ ተመርምራ ሕክምና ጀምራለች፤ ሐኪሙ ያለው በሽታ ሆኖ ተገኘ። ሠርጓም ያለ ዱኻን ሆነ፤ ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ እኔ ግን አልሰማኋቸውም። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ካርቱምን ለቀን ወጣን። ዛሬ መድኃኒቷን አዲስ አበባ ትወስዳለች። ስትደክም ግራ እግሯን ትጎትታለች፣ ግን ትሠራለች፤ ልጅም ወልዳለች። ከካርቱም የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ሐኪሙ እጠይቃለሁ። እስካሁን የት እንዳለ የሚያውቅ አላገኘሁም። ውጤቱን አልነገርኩትም።

ያችን ደቂቃ ለልጄ በማዋሌ የሚያመሰግኑኝ አሉ። ምስጋናው አይገባኝም። እኔ አባቷ ነኝ። እሱ ግን አይቷት እንኳ አያውቅም።