ቁጥር አሥራ ሰባት መፍቻ

ልብስ ሰፊዋ ስትቆጣ አይቶ የማያውቅ ሰው ቁጣ አይቻለሁ ብሎ አያውራ። ያን ቀን ጠዋት እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነው ከቤት የወጣችው። ጎረቤቷ፣ «የድሮው የአየር ኃይል ግቢ ሙዚየም ሆኗል፤ የዚያን የአደጋውን ነገር ሳይቀር ጽፈው ለጥፈውታል» ብላ ከነገረቻት ወዲህ እህል በጉሮሮዋ አልወርድ ብሏል። የባሏ ስም ግድግዳው ላይ ካለ በጥፍሯ ልትፍቀው ነው የምትሄደው። «ከፈለጉ አስረው ያስቀምጡኝ! እሱን ማሰር አልበቃቸው እንደሆነ እኔንም ይጨምሩ!»

ባሏን ጎትታ ነው የወሰደችው። በጉብዝናው ጊዜ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ ዛሬ ከሚናገረው የሚውጠው የሚበዛ ሽማግሌ ነው። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ እግሩን ተከለ።

«እኔ አልገባም። አንቺ ግቢ፤ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።»

«ተጎለታ! መጎለት እንደሆን እንዳንተ የሚያውቅበት የለም!» ብላው ገባች።

ክፉ ሴት ናት እንዳትሉ፤ ችላ ችላ ነው እዚህ የደረሰችው። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ገና ከመሬት እንደተነሳ ሞተሩ ፈነዳና ወደቀ፤ ወጣቱ አብራሪ ሞተ። በዚያው ዕለት መካኒኮቹ አውሮፕላን በሚጠግኑበት ሃንጋር ውስጥ አንድ መፍቻ ጠፋ። መፍቻዎቹ የሚሰቀሉበት ትልቅ ሰሌዳ ነበር፤ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ ከነቁጥሩ በቀይ ቀለም ተስሎበታል። ሥራ ሲያልቅ ሁሉም በየቅርጹ ላይ ይሰቀላል። አንድ ቅርጽ ባዶ ከታየ ዕቃው እስኪገኝ ከሃንጋሩ ንቅንቅ የሚል የለም። ያን ዕለት ቁጥር አሥራ ሰባት ባዶ ሆነ። «ሞተር ውስጥ ረስቶት ነው» ተባለ። ያንን ሞተር ያን ጠዋት መጨረሻ የነካው የልብስ ሰፊዋ ባል ነበርና ታሰረ፤ ከሥራም ተባረረ።

ከእስር ሲወጣ የሚቀጥረው ጋራዥ ጠፋ። «የአብራሪው ገዳይ» የሚለው ስም ከሰውየው ቀድሞ እየደረሰ አስቸገረ። ልብስ ሰፊዋ የሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ የሰው ዚፕ እየቀየረች ቤቱን በመርፌ ጫፍ አቆመችው። ወሬው ጆሮው የገባ አከራይ ሁሉ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌው ነበር» ይላታል፤ ወይ ጉድ፣ መካን አከራይ ሳይቀር ልጅ ያወጣል! አንዲት ልጃቸው ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ስትገባ ኖራ፣ አደገችና ሩቅ ከተማ አገባች። ስልክ የምትደውለው ለእናቷ ብቻ ነው። አባት ሰርጉን በወሬ ሰማ፤ «በችኮላ ሆኖ ነው» ብላ ልብስ ሰፊዋ አለሳልሳ አሳለፈችው።

ሙዚየም የሚሉት ያው የድሮው ሃንጋር ነው። ጎማቸው የተነፈሰ አውሮፕላኖች አዲስ ቀለም ተቀብተው ተገትረዋል። ከአንዱ አጠገብ የሟቹ አብራሪ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሥሩ፣ «በአንድ መካኒክ ቸልተኝነት ሞተሩ ውስጥ በቀረ መፍቻ ምክንያት» የሚል ጽሑፍ አለ። ሁለቴ አነበበችው።

«አንድ መካኒክ!» ብላ ጮኸች። «ቤቱን ያፈረሱበትን ሰው ስሙን እንኳ ረስተውታል!»

ጩኸቱን ሰምቶ አስጎብኚው ብቅ አለ። ወዲያው አወቀችው። ያኔ የባሏ ረዳት የነበረው፣ ሳቂታው የሚሉት ሰው ነው። ራሰ በራ ሆኗል እንጂ ጥርሱ ዛሬም አይከደንም።

«እትዬ! እርስዎ ነዎት? ደህና ነዎት? ጋሼስ?»

«ጋሼህ ደጅ ተጎልቷል! ይህን ቅርሻት ማነው የጻፈው?»

«ይተዉት እባክዎ፣ የበላይ ነው የላከው፣» አለና ወሬ ሊያስቀይስ ክንዷን ያዘ። «ይልቅ ይምጡ፣ የኛን ሰሌዳ ላሳይዎት። እኔ ነኝ ያደስኩት። አንድ እንኳ የጎደለ የለም!»

እውነቱን ነው፣ የጎደለ የለም። ልብስ ሰፊዋ ቁጥሮቹን በዓይኗ ተከተለች። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት። እጀታው ያለቀ አሮጌ መፍቻ፣ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተወቅሮ፣ ቅርጹ ላይ ልክ ብሎ ተሰቅሏል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

ሳቂታው ክው አለ። ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

«ከየት መጣ አልኩህ!»

«እትዬ… የአልጋዬ ብሎን ላልቶ ነበር። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ ማታ ከቆጠራ በኋላ ወሰድኩት፤ በማግስቱ ሳልመልሰው አውሮፕላኑ ወደቀ። የመንግሥት ዕቃ የሰረቀ ይረሸን ነበር። ፈራሁ።»

«እና ዛሬ ምን ቆርጦህ ሰቀልከው?»

«ሰሌዳውን ሳድስ… ባዶውን ቦታ ማየት አልቻልኩም።»

«ባዶ ቦታ ነው ያንገበገበህ? የኔ ቤት ባዶ ሲሆን የት ነበርክ? አንተ በዚህ መፍቻ ያጠበቅከው አልጋ ላይ ተኝተህ ነው ልጆችህን ያሳደግከው!» በጥፊ ልታጮለው እጇን አነሳችና፣ መፍቻውን መንጭቃ ወጣች።

ባሏ እንደተወችው ተቀምጧል። መፍቻውን ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«ይኸው! ሞተር ውስጥ አልነበረም! ያ ሳቂታ ቤቱ ወስዶት ነው! አንተ ማንንም አልገደልክም!»

ሽማግሌው ብረቱን አገላብጦ አየው።

«አውቃለሁ» አላት።

«ምን?»

«ከእስር የወጣሁ ሰሞን ቤቱ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አልጋው ሥር ነበር። ሚስቱ ሕፃን ታጠባለች። ብናገር ይገድሉት ነበር።»

«እሺ፣ ያኔስ ይሁን! ጦርነቱ ሲያልቅስ? እነዚያ ሰዎች ከሥልጣን ሲወርዱስ?»

«ከዚያ በኋላማ ለመድኩት።»

«አንተ ትለምደዋለህ! እኔስ? ለሰው ልጅ ስታዝን የገዛ ልጅህስ? አባቴ ሞቷል ብላ እኮ ነው የተዳረችው! አማቶቿ አባት እንዳላት አያውቁም!»

እንዳመለጣት የገባት ከተናገረችው በኋላ ነው። ይህን ነገር መቃብር ድረስ ይዛው ልትወርድ ነበር። አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ምን ዋጋ አለው።

ሽማግሌው መፍቻውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። የልጅ ልጆቹን በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቃቸው።

«ልጆቹስ?» አላት። «አያታችን በምን ሞተ ሲሏት ምን ትላቸዋለች?»

«ተወው በቃ።»

«ንገሪኝ።»

«አብራሪ ነበር ትላቸዋለች» አለችው። «አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ ትላቸዋለች።»