የጫማ ጠባቂዋ እህቴ

ቅዳሜ ጠዋት ሬይኖልድስበርግ ካለው ቤተክርስቲያናችን ደጃፍ የቆመውን ቫን ስከፍተው ፀሐይ ያጋለው የጎማ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ከኋላ ሦስት ዊልቸሮች ታስረዋል፤ መራመድ የማይችሉትን ሦስቱን የቤተክርስቲያናችንን ልጆች ከሁለት እናቶች ጋር ሆኜ መጫወቻ ፓርክ ልወስድ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሽታው ግን ከኦሃዮ አንስቶ ወሊሶ ጣለኝ። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ፀሐይ ሲመታው ልክ እንዲህ ይሸት ነበር፣ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ በረባሶ የሚከመረው ደግሞ በታናሽ እህቴ በዘርፌ ጭን ላይ ነበር።

ዘርፌን በሦስት ዓመቷ ልምሻ እግሯን ያዛት። እኔ በአራት ዓመት እበልጣታለሁና ከትምህርት ቤት ከተመለስኩ በኋላ ውሎዋ ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ስላክ፣ ወንዝ ስወርድ፣ ጎረቤት እሳት ልጭር ስሄድ ሳይቀር አዝያት እሄዳለሁ። ክረምቱ ወጣ ብሎ ከሰፈሩ ጫፍ ያለው ሾላ ላይ ዥዋዥዌ ሲታሰር ቀድመን የምንደርሰው እኛ ነበርን። ግንዱን አስደግፌ አስቀምጣታለሁ፣ ልጁም እየመጣ ጫማውን እያወለቀ ጭኗ ላይ ይቆልላል፣ ምክንያቱም ዥዋዥዌው ላይ ጫማው ወልቆ ከታች ያለው ገደል የገባበት ልጅ ማታ ቤቱ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቀዋለን። በረባሶ፣ ሸራ ጫማ፣ የባለሱቁ ልጅ ቆዳ ጫማ፣ ደብተር፣ ነጠላ፣ ተገምጦ የተተወ በቆሎ እንኳ ለዘርፌ ነበር በአደራ የሚሰጠው። አንድም ቀን ጥንድ አላፋለሰችም። የማንኛው ልጅ ጫማ በየት በኩል እንደሚያልቅ ከእናቱ ይልቅ እሷ ታውቅ ነበር፣ እኛም ትልቅ ሹመት የሰጠናት መስሎን እንኮራባታለን።

የእኔ ኩራት ደግሞ የብቻ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ደብሪቱ አዝያት ባዩኝ ቁጥር «እግር የሆንሻት፣ እግርሽን እሾህ አይውጋው!» ብለው ይመርቁኛል፣ እናቴ ደስ ይላታል፣ እኔም ምርቃቱ እንዳያመልጠኝ አንዳንዴ ያለ ጉዳይ በደጃፋቸው አልፍ ነበር። እውነቱን ልናገርና ኋላ ዲቪ ሲደርሰኝ በእማማ ደብሪቱ ምርቃት ነው ብዬ አምኛለሁ። ጥሩ እህት እንደነበርኩ ለአንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሬ አላውቅም፤ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ።

ፓርኩ ውስጥ ከሁሉ በፊት ያገኘነው በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የሚሽከረከር ትልቅ ዥዋዥዌ ነበር። ሁለቱ እናቶች ሁለቱን ልጆች ውኃ ሊያጠጡ ዞር ሲሉ እኔ ከአሥር ዓመቷ ከኤልዳና ጋር ቀረሁ፤ እናቷ ዌርሃውስ ኦቨርታይም ስለገባች አደራዋ የኔ ናት። እኔም ምንም ሳላስብ የሁላችንንም ቦርሳ፣ ጃኬትና ምሳ ሰብስቤ ጭኗ ላይ ከመርኩና «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ የእቃ ኃላፊያችን ነሽ!» አልኳት፣ እንደሚሾም ሰው እየሳቅሁ።

ኤልዳና አልሳቀችም። ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች መልሳ አስታቀፈችኝ። «ዩ ሆልድ ዘም፣ እትዬ። አይ ኬም ቱ ራይድ።»

አንቺ ያዢው፣ እኔ ልወዛወዝ ነው የመጣሁት ማለቷ ነበር። ክው አልኩ። ወዲያው ጠና ያለች የፓርኩ ሠራተኛ መጣች፣ እኔን ቀና ብላም ሳታይ ለልጅቷ ጎንበስ ብላ ወንበሩ ላይ እንዴት መውጣት እንደሚመቻት ጠየቀቻት። ኤልዳናን ጠየቀቻት! ኤልዳና አስረዳቻት፣ ዊልቸሯን አጠገቡ አስጠግታ ፍሬኑን ያዘች፣ እኔ ብብቷን ይዤ ላነሳት ስንደረደር «አይ ጎት ኢት፣ ራሴ እችላለሁ» አለችና በክንዶቿ ተንሸራታ ተቀመጠች። ቀበቶዋ ታሰረ። ከዚያ ሰማይ ላይ ወጥታ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ጮኸች፤ የደስታ ጩኸት ነበር። እኔ ሦስት ቦርሳ፣ አራት ጃኬትና ምሳችንን ታቅፌ መሬት ላይ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት አዝያት ስወጣ፣ ስወዛወዝ ውዬ አዝያት ስመለስ፣ ዘርፌን አንድ ጊዜ እንኳ «አንቺስ?» ብያት አላውቅም። ገመዱ ጠንካራ ነበር። ሁለት ሆነው የሚወዛወዙም ነበሩ። ከፊቴ ማስቀመጥ እችል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተክርስቲያን በፊት ወሊሶ ደወልኩ። ዘርፌ ዛሬ የራሷ ልብስ ስፌት ቤት አላት፤ የስፌት መኪናዋን በእጇ እያሽከረከረች ነው ያነሳችው። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን፣ ከዚያ ድንገት «ያኔ ዥዋዥዌው ያምርሽ ነበር?» አልኳት።

ሳቀች። «አሁን በጤናሽ ነው፣ እቴቴ?» አለች። ከዚያ የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«ሌሎቹ ይጠይቁኛል ብዬ አስቤም አላውቅ። አንቺ ግን አዝለሽኝ ስንወጣ፣ በየቀኑ፣ ዛሬ ትጠይቀኛለች እል ነበር።»

ወዲያው ደግሞ «ተይ ባክሽ፣ ብትጠይቂኝም ፈርቼ እምቢ እል ይሆናል» አለች፤ ልታጽናናኝ ብላ ነው፣ አውቃለሁ። ደንበኛ ገባባትና ተሰነባበትን።

ሾላው ተቆርጦ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ ልጆቹ ተበትነዋል፣ እማማ ደብሪቱም አፈር ከሆኑ ቆዩ። እህቴ ደግሞ አምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ እሺ ማለቱ ቢቀር፣ እምቢ የምትልበትን ዕድል እንኳ የነሳኋት ያዘልኳት እኔ ነኝ።