ርብን ያልተሻገሩት ሰባት ላሞች

ካሴ ሰው ይንቃል፤ ንቀቱንም አይደብቅም። ከወረታ ዝቅ ብሎ ርብ ወንዝ ዳር ይኖራል። ፎገራ በውኃ ሲዋጥ ላሞቹን ወደ ጣራ ገዳም ዳገት ሲያሻግር አርባ ክረምት ሞልቶታል፤ አንዲት ጥጃ እንኳ ጠፍታበት አታውቅም። ከብት እየደበደበ ውኃ የሚያስገባ ሰው ካየ ምራቁን እንትፍ ይላል።

በ1959 ክረምት ልጁ አያልነህ ከውጭ አገር ተመለሰ። አቤት ኩራቱ! የዘመድ እጅ ጨብጦ በመሐረብ ይጠርጋል፤ ያደገበት መደብ ላይ ጋዜጣ ሳያነጥፍ አይቀመጥም።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የተማርኸው?» አለው ካሴ።

«እርስዎ አይገባዎትም እንጂ፣ ማግኔት ነው። በብረቱ ውስጥ የማይታዩ እልፍ ማግኔቶች እንደ እንዝርት ይሾራሉ። አንዱ ሲወዛወዝ ጎረቤቱን ያወዛውዛል፤ ሞገድ ሆኖ ይሄዳል። ብረቱ በስስ በስሱ ከተነባበረ፣ ካንዱ ንብር ወደ ሌላው ይዘልቃል። በቀስታ ሲነኩት አንድ ሆኖ ይጓዛል፤ ከልኩ በላይ ከገፉት ግን ፈርሶ በየአቅጣጫው ይበታተናል። እኔ ሰባት ዓመት የለካሁት ያንን ልክ ነው።»

ካሴ ደስ አለው። ቀስ ማለትን የሚያውቅ ልጅ ወልዷል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን አልናቀውም።

ሐምሌ ላይ ካሴን ንዳድ ጣለው። ርብ እየሞላ ስለ ነበር መሻገሩ ለነገ የሚባል አልሆነም። አሥራ ስድስቱን ላሞች ለአያልነህ አስረከበው።

«ቡሬን ከፊት አስገባት። ሌሎቹ አንዷ ያንዷን ጭራ እያየች ትከተላለች። ቢያመነቱ አንተም ቁም። በትር እንዳታነሣ!»

«ከብት መንዳት ሊያስተምሩኝ ነው?» አለ አያልነህ።

ቡሬ ወንዙን ስታጋምስ መሐል ያሉት አመነቱ። ጌታው አያልነህ ግን ሱሪው ረጥቦበታል፤ ቸኮለ። የኋለኛዋን ዱላ አቀመሳት። እሷ የፊቷን ገፋች፣ ያቺም ሌላዋን፤ ወዲያው ግማሾቹ ወደ ኋላ፣ ግማሾቹ ወደ ጎን ተተራመሱ። ቡሬን ጨምሮ ሰባቱን ርብ ወሰዳቸው።

ሴት ልጁ ድንቅነሽ ሮጣ ስትነግረው ካሴ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እየተንቀጠቀጠ ወንዙ ዳር ደረሰ። መንገዱን ሙሉ «ምን ያድርግ፣ አያውቅ!» እያለ ነበር የመጣው፤ ሊምረው።

አያልነህ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። «አባየ፣ የተማርሁት እኮ ይኸንኑ ነበር» አለ።

ካሴ ተከትላው ወደ መጣችው ልጁ ዞረ።

«ድንቅነሽ፣ ለዚህ እንግዳ የወረታን መንገድ አሳዪው» አለ።