የእድሩ ድንኳን ጣና ዳር

እርጥብ ሸራ ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተው ሽታ ወደ አፍንጫዬ በመጣ ቁጥር፣ ሌላው ሰው ለቅሶ ቤት ሲያስታውስ እኔ ጣና ሐይቅ ትዝ ይለኛል። ሁለቱ የተገናኙብኝ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አባዬ በሠራው ስህተት ነው።

ደብረ ታቦር ክረምቱ ሲከብድ ከቤት መውጫ ስለማይገኝ፣ መስኮት ላይ ተለጥፌ ጉሙን እያየሁ እማዬን በጥያቄ አደርቃት ነበር። እማዬ ጣና ዳር ተወልዳ አድጋ፣ በትዳር ወደ ደጋ የወጣች ሴት ናት። ሐይቁ ምን ያህል ይሰፋል? ዓሣ ይተኛል? ስላት ሁሉንም በትዕግሥት ትመልስልኝና፣ «ታዲያ ለምን አንሄድም?» ስላት ግን ነጠላዋን አስተካክላ ጓዳ ትገባ ነበር። ምክንያቱን የነገረችኝ አክስቴ ናት። የእማዬ አባት የሞቱት እኔ በተወለድኩ ሳምንት ነው፤ ለአራስ መርዶ አይነገርምና፣ እማዬ የሰማችው እኔ ክርስትና ከተነሳሁ በኋላ ነበር። አባቷን ሳትቀብር ቀረች፤ «በምን ዓይኔ አገሬውን አየዋለሁ?» እያለችም ዓመታት አለፉ። እኔም መወለዴ ራሱ ጥፋት እየመሰለኝ በሆዴ አዝን ነበር።

ጥቅምት ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አባዬ በቴሌቪዥን ሰዎች ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው ሲያድሩ አይቶ፣ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብሎ ተነሣ። እማዬ ብዙ ቀን ስታንገራግር ከርማ፣ የምንሄደው ከትውልድ መንደሯ ራቅ ካለ ዳርቻ እንደሆነ ሲምልላት እሺ አለች። አባዬ የእድራችን ንብረት ያዥ ስለነበር ድንኳን ሲባል የሚያውቀው ያንኑ ነው፤ መቶ ሰው የሚያስቀምጠውን የለቅሶ ድንኳን አስፈቅዶ፣ ከነቋሚው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ፣ ወረታን አልፈን ወረድን።

ሐይቁን ሳይ አፌን ከፍቼ «ማዶው የት አለ?» አልኩ። ሾፌሩ ድንኳኑን አብሮን ተክሎ ሄደ። አባዬ አምባዛ አወጣለሁ ብሎ የወረወረው መንጠቆ የገዛ ጋቢው ላይ ተሰክቶ እሱን ለማላቀቅ ሲታገል፣ ከደንገሉ መሃል ሰዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቀረቡና፣ «ማን ሞቶባችሁ ነው ልጄ?» አሉ።

«ኧረ ማንም አልሞተም አባቴ፤ ልንዝናና መጥተን ነው!»

«በዚህ ድንኳን?» አሉና ዞር ሲሉ እማዬን አዩ። ትክ ብለው ተመለከቷት። «አንቺ የአያ ጥጋቡ ልጅ አይደለሽም? ታንኳ ይሠራልን የነበረው?»

እማዬ «ዋይ አባቴ! ሳልቀብርህ!» ብላ ስትጮህ ሴቶቹ አቅፈው ወደ ድንኳኑ አስገቧት፤ ዘጠኝ ዓመት የዘገየው ለቅሶ እዚያው ተለቀሰ። እኔ ፈርቼ ሽማግሌው ጉያ ገብቼ፣ «እኔ ስለተወለድኩ ነው የቀረችው» አልኳቸው። እሳቸውም ራሴን ዳብሰው፣ «አያትሽ እኮ የመወለድሽን ወሬ ሰምቶ ነው ያረፈ። ስትጠነክር ታንኳ እሠራላታለሁ እያለ ነበር» አሉኝ። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው።

ማታ የመንደሩ ሰዎች ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው እራት ይዘው መጡ። ሲነጋ እማዬ ታንኳ ተውሳ እኔን ፊቷ አስቀመጠችና፣ ረጅሙን መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እየነከረች ወደ መሃል ወሰደችኝ። ያን ሁሉ ጥያቄ ስጠይቃት፣ መቅዘፍ ትችል እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ ገረመኝ። አባዬ ከዳር ሆኖ «ቀስ በሉ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ዛሬ እዚያ ዳርቻ መዝናኛ ተሠርቶበታል፤ የሞተር ጀልባዎች አሉ፤ ባለዚፕ ድንኳንም ይከራያል። አምና፣ ለአባዬ በዚያው በእድሩ ድንኳን ተቀምጠን ካለቀስንለት ከወራት በኋላ፣ እማዬንና ልጄን ይዤ ሄጄ ሁለት ትንንሽ ድንኳኖች ተከራየሁ። ቦታው ያምራል፤ ልጄም እንደ እኔው በጥያቄ ታደርቀኛለች። አመሻሹ ላይ ሰዎች በአጠገባችን ሲያልፉ ግን ማንም ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀንም። እማዬ ጎንበስ ብላ የድንኳኗን ውስጥ አየችና፣ «አሁን በዚች ውስጥ ማን ገብቶ ያስተዛዝናል?» አለች። ዚፑን ከፍቼ ተውኩት።