ያበጠ ቀለህ

ገባር የነበርኩለት ነፍጠኛ ሽጉጥ ነበረው፤ ጥይት ግን አልነበረውም። ከዳሞታ ተራራ ሥር እስከ ሶዶ ገበያ የዚያን ሽጉጥ ጥይት የሚሸጥ ሰው ጠፋ። ስለዚህ የተኮሰውን ባዶ ቀለህ እያስለቀመ፣ አሽከሩ እንደገና ባሩድና አረር ይሞላለታል። ችግሩ ቀለሁ ነው። ሲተኮስ ሆዱ ይነፋል። የተነፋ ቀለህ ደግሞ ሽጉጥ ውስጥ ተመልሶ አይገባም፤ ግማሹ ገብቶ እዚያው ይሰነቀራል፤ ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ።

እኔ ቀጥቃጭ ነኝ። በአገራችን ቀጥቃጭ ማለት ማረሻውን ሁሉም የሚፈልገው፣ አብሮት ግን ማንም የማይበላ ሰው ነው። ጌታዬ ነፍጠኛው አስጠራኝ።

«አንተ፣ ይኼን ልክ ታገባዋለህ?» ብሎ ቀለሆቹን መሬት ላይ በተነልኝ። በእጄ አይሰጠኝም።

«ሽጉጡን ካየሁት እሞክራለሁ፣ ጌታዬ።»

«ከዚያው ሆነህ እይ። የቀጥቃጭ እጅ የነካው መሣሪያ ይከሽፋል።»

ማረሻ ስለማይከሽፍ ነው መሰል፣ ማረሻዬን ሲወስድ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ለልክ እንድትሆነኝ የቀረችለትን ያልተተኮሰች አንዲት ጥይት ወረወረልኝ።

«ሁሉም ከገቡልኝ ሚስትህን ከወፍጮ አወጣታለሁ» አለ።

ሚስቴ እንደ ማንኛዋም የገባር ሚስት የጌታውን ቤት እህል ትፈጭ ነበር። መዳፏ ከእኔ መዳፍ ይሻክራል፤ ብረት የምቀጠቅጠው ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ እዚያው ወፍጮ ላይ ጽንስ ወርዶባታል። ያን ጊዜ ሦስተኛውን ይዛ ነበር፤ ሆዷም መታየት ጀምሯል።

ከወፍራም ብረት ቀለበት ሠራሁ። ቀዳዳውን በዚያች ጥይት ልክ ሞረድኩት። ቀለሁን ቅቤ ቀባሁና በአፉ በኩል ቀለበቱ ውስጥ በመዶሻ እያንኳኳሁ ከተትኩት፤ ከዚያ ቂጡን በጉጠት ይዤ መልሼ ሳብኩት። ከላይ ተስተካከለ። ጉጠቱ በሚይዝበት በቂጡ አካባቢ ግን ቀለበቱ አይደርስምና እብጠቱ እንዳለ ቀረ። ዋናው እብጠት ደግሞ እዚያ ነበር። አሽከሩ ሞከረው፤ ተሰነቀረ።

«ቀለህ እንኳ አይታዘዝህም» አለ ጌታው።

ቤቴ ተመልሼ የቀለሁን ቂጥ እያገላበጥኩ አየሁት። ፊደል ተጽፎበታል። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና አላነበብኩትም። ካረጀሁ በኋላ ቆጥሬ ሳየውም አላነበብኩትም፤ የፈረንጅ ነበር።

ሚስቴ ከወፍጮ መጥታ፣ ወገቧን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ካስገባኸው በኋላ ለምን ትመልሰዋለህ?»

«ታዲያ የት ይሂድ?»

«በወዲያ ይውጣ! ቂጡ ከሆዱ አይሰፋ፣ ምን ይይዘዋል?»

«አንቺ ስለ ብረት ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። ከዚያ ወደ ጓሮ እስክትሄድ ጠብቄ እንዳለችው አደረግሁ። በብረት ዘንግ ገፋሁት። ቀለሁ በወዲያ በኩል ጠብ አለ፤ ከአፉ እስከ ቂጡ አንድ ልክ።

«ወጣ?» አለች ከጓሮ።

«ዝም በይ» አልኳት።

የቀሩትንም እንዲሁ አስተካከልኳቸው። አሽከሩ ሞላቸው፤ ሁሉም ገቡ። ጌታው ደጄ ድረስ መጥቶ ጓሮዬ ያለውን ትልቁን እንሰት ተኩሶ ገደለው። አልከሸፈም። ደስ አለው።

«ሚስትህ ከዛሬ ጀምሮ አትፈጭም» አለ።

ወሬው ቤቱ ሲደርስ እመቤቲቱ «እና ማን ሊፈጭልኝ ነው?» አለችው። ጌታው አሰበ። ሲያስብ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ከዚያ ቤት አንድ ሰው መፍጨት አለበት። ሚስቱ አትፈጭም ብያለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። እሱ ይፍጭ።»

እምቢ ብል ወደ ወፍጮው የምትመለሰው ሚስቴ ናት። በማግስቱ ጌታው ቤት በሚፈጩት የገባር ሚስቶች መካከል ገብቼ ተንበረከክሁ።

«ሙሽሪት መጣች! ቦታ ልቀቁላት!» አለች አንዷ። የቀሩት መጃቸውን ጥለው ሳቁ።

«ጢሟ ዱቄቱ ውስጥ እንዳይገባ እሰሩላት!» አለች ሌላዋ።

ቀኑን ሙሉ ፈጨሁ፤ የወጣው ዱቄት አይባልም፣ ጠጠር ነው። ሚስቴ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቆጮ ይዛልኝ መጣች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ከጀርባዬ ቆመች። የሳቁብኝን ሴቶች አንድ በአንድ ስታያቸው መጃቸውን መልሰው ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«መጁን ስትመልሰው ለምን ትጫነዋለህ? ወደዚያ ስትገፋው ተጫን። ዱቄቱ በወዲያ ይውጣ።»

አንቺ ስለ ድንጋይ ምን ታውቂያለሽ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። እንዳለችው ገፋሁት።

ጣልያን መጥቶ ጌታው እስኪሸሽ ድረስ ፈጨሁ። ልጃችን ግን ወሯን ጠብቃ ተወለደች።